ስለ ተጣጣፊ ቢስክሌትና ስለ ሌሊት ባቡር

በኤውሮጳ አገር ባቡርና ቢስክሌት በአንድ ዘመን የተወለዱ ወንድማማቾች ናቸው። ጀርመናዊው ካርል ድራይስ ሁለት መንኰራኵር ያለውን፥ ሰው መሬቱን በእግሩ እየገፋ የሚሄድበትን የእንጨት መኪና በማንሃይም ከተማ ያሳየው በ1817 ዓ.ም. ሲሆን፥ በእንግሊዝ አገር ከስቶክተን እስከ ዳርሊንግተን የተዘረጋው የምድር ባቡር የተከፈተው ከዚያ ስምንት ዓመት ቈይቶ በ1825 ነው (በዚህ ጽሑፍ የሚነገሩት ዘመናት ሁሉ በፈረንጆች አቈጣጠር ናቸው)። ነገር ግን ወንድማማች ሁሉ እንደማይስማማ፥ እነዚህም ሁለቱ ብዙ ዘመን ሳይስማሙ ቈዩ። አንደኛው በሐዲድ ላይ ብዙ መቶ ሰው ተሸክሞ ይሮጣል፤ ከሐዲዱ ግን አንድ ክንድ እንኳ ፈቀቅ ሊል አይችልም። ሁለተኛው አንድ ሰው ብቻ ተሸክሞ ባለቤቱ ወደ ወደደው መንደር ሁሉ ይገባል፤ ነገር ግን መንገዱ ሲረዝም የባለቤቱ ጕልበት ያልቃል። አንዱን የጐደለው በሌላው ዘንድ እንዳለ ማንም ያውቅ ነበር፤ ክርክሩ የተነሣው ቢስክሌቱ ወደ ባቡር በገባ ጊዜ ምን ተብሎ ይቈጠር፥ የመንገደኛ ጓዝ ነው ወይስ ለብቻው የሚከፈልበት ጭነት ነው በሚለው ነገር ነው።

በ1870ዎቹ ዓመታት ቢስክሌት ማለት የፊት መንኰራኵሩ እስከ ሰው ደረት የሚደርስ፥ የኋላው ግን እጅግ ያነሰ፥ ሲያዩት የሚያስቅ፥ ሲወድቁበት ግን አጥንት የሚሰብር ነገር ነበረ። ይህን በባቡር በር ማስገባት ጭንቅ ስለ ሆነ፥ በ1878 ዓ.ም. ግራውት የሚባል እንግሊዛዊ ታላቁ መንኰራኵር ተፈታትቶ በከረጢት የሚከተትበትን ብልሃት አውጥቶ የፈጠራ መብቱን አስጻፈ። ብልሃቱ ያማረ ነበረ፤ ሆኖም ተጓዡ ከባቡር በወረደ ጊዜ በጣቢያው ደጃፍ ተቀምጦ ቍራጩን ከቍራጩ ሲያጋጥም ቀኑ ይመሽበታልና ነገሩ ብዙ ተከታይ አላገኘም። በዚያው ዓመት በሃሮጌት ከተማ የእንግሊዝ ቢስክሌተኞች የመንገደኞች ማኅበር አቋቋሙ፤ ማኅበሩም ከባቡር ኩባንያዎች ጋር ስለ ክፍያ መከራከር ከሥራዎቹ አንዱ ሆነ።

ከዚህ በኋላ ነገሩ ተለወጠ። በ1885 ዓ.ም. ጆን ኬምፕ ስታርሊ በኮቨንትሪ ከተማ ሁለቱ መንኰራኵሮች በመጠን የሚቀራረቡትን፥ የእግር ኃይል በሰንሰለት ወደ ኋላው የሚተላለፍበትን ቢስክሌት ሠራ፤ በ1888 ዓ.ም. ደግሞ በቤልፋስት የእንስሳት ሐኪም የነበረው ጆን ደንሎፕ በነፋስ የሚሞላውን ጎማ አወጣ። ከዚያ ወዲያ ቢስክሌት የደፋር ጐልማሶች መጫወቻ መሆኑ ቀርቶ ጸሓፊውም፥ አስተማሪውም፥ ሴቱም ወንዱም የሚወጣበት ሆነ። በከተማ ጢስ ስድስት ቀን የከረመ ሠራተኛ በሰባተኛው ቀን ወደ ገጠር ለመውጣት ቢስክሌቱን እየገፋ ወደ ጣቢያ ይመጣ ጀመረ። የጓዝ ፉርጎዎቹም በቢስክሌት ተጨናነቁ። የእንግሊዝ ኩባንያዎች እንደ መንገዱ ርቀት ልዩ ዋጋ ያስከፍሉ ነበር፤ ይህም ሳይበቃ ቢስክሌቱ የሚጫነው በባለቤቱ ኀላፊነት ነው ይሉ ነበር። እንግዲህ ሰውዬው ዋጋውን ከፍሎ፥ ዕቃው ቢሰበር ደግሞ ጉዳቱ የራሱ ይሆናል ማለት ነው። በአሜሪካ ግን የቢስክሌተኞች ማኅበር በምርጫ ጊዜ ብዙ ድምፅ እንዳለው የሕዝብ እንደራሴዎች ስለ ተረዱ፥ የኒው ዮርክ መንግሥት በ1896 ዓ.ም. ባቡሮች የመንገደኛውን ቢስክሌት እንደ ማንኛውም ጓዝ ያለ ክፍያ እንዲጭኑ የሚያስገድድ ሕግ አወጣ። ይህ ሕግ በዚያ ዘመን እንደ ትንሽ ነገር ታይቶ ይሆናል፤ ሆኖም ቢስክሌት የሰው ጓዝ ነው የሚለው ቃል በሕግ መጽሐፍ ተጽፎ የተገኘው በዚህ ነው።

በዚሁ ዘመን ባቡር ሌሊቱን ማሸነፍ ጀምሮ ነበር። በአሜሪካ ጆርጅ ፑልማን የመኝታ ሠረገላ በማሠራት ስሙ ተጠራ፤ ያን አይቶ የተመለሰው የሊዬዥ ተወላጅ ቤልጅጋዊው ዦርዥ ናግልማከርስ በ1876 ዓ.ም. ታላቁን የኤውሮጳ የመኝታ ሠረገላ ኩባንያ አቋቋመ፤ ከፓሪስ ወደ ቍስጥንጥንያ የሚያደርሰውንም ዝነኛ ባቡር በ1883 ዓ.ም. አስነሣ። በእንግሊዝ አገር የመጀመሪያው የመኝታ ሠረገላ በ1873 ዓ.ም. በሎንዶንና በግላስጎ መካከል ሠራ። በመኝታ ሠረገላው የሚተኛው ግን ባለ አንደኛ ማዕርግ ብቻ ነበር። የሦስተኛ ማዕርግ ተሳፋሪ በስኮትላንድ መንገድ ሌሊቱን ሙሉ በወንበሩ ላይ ቀጥ ብሎ ተቀምጦ ያነጋል፤ ለእርሱም አልጋ የተዘጋጀለት በ1928 ዓ.ም. ነው፤ ይኸውም ባለጠጋው ከተኛ ከ55 ዓመት በኋላ ማለት ነው። ከጅቡቲ ወደ አዲስ አበባ ይመጣ በነበረው ባቡር የሄደ ሰው ይህን በሌላ አኳኋን ያውቀዋል፤ ያ ባቡር በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ሌሊት አይጓዝም ነበርና መንገደኛው አንድ ሌሊት በድሬ ዳዋ አንድ ሌሊት በአዋሽ እያደረ በሦስተኛው ቀን አዲስ አበባ ይገባ ነበር። በዚያ የሚያድረው ባቡሩና ሰውዬው አብረው ነው፤ በኤውሮጳው የሌሊት ባቡር ግን ሰውዬው ሲተኛ ባቡሩ ይሄዳል።

የሚታጠፈው ቢስክሌት ግን ከዚህ ሁሉ የሰላም ጕዳይ አልተወለደም። የተወለደው ከጦር ሰፈር ነው። በፈረንሳይ ጦር የእግረኛ መኰንን የነበረው ሄንሪ ዤራርና በግረኖብል አጠገብ በዶሜን የሚኖረው የፋብሪካ ጌታ ሻርል ሞረል ተባብረው፥ በወገቡ ላይ ማጠፊያ ያለው፥ ወታደሩ ጭቃ ወይም ገደል ባጋጠመው ጊዜ አጥፎ በጀርባው የሚያዝለውን ቢስክሌት በ1895 ዓ.ም. ገደማ ማሠራት ጀመሩ። ብልሃቱ የማን ነው በሚለውም ሁለቱ ተጣሉ፤ ሹመትና ጦር የያዘው መኰንን ስሙ በቢስክሌቱ ላይ ቀረ። በኢጣሊያም ቢያንኪ የሚባለው ፋብሪካ በ1912 ዓ.ም. ለበርሳልየሪ ወታደሮች ታጣፊ ቢስክሌት ሠራ፤ እነዚያም በ1915 ዓ.ም. ጦርነት በተነሣ ጊዜ በአልፕ ተራራ ግርጌ ተሸክመውት ታዩ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ደግሞ ጠመንጃና ቢስክሌት በአንድነት የሚሠራው የበርሚንግሃም ፋብሪካ በጃንጥላ ለሚወርዱ ወታደሮች በሁለት ብሎን የሚታጠፍ ቢስክሌት ከ1942 ዓ.ም. ጀምሮ ብዙ ዐሥር ሺህ ሠራ። ሲወረወር መሬት የሚነካው በመሪውና በኮርቻው እንዲሆን ታስቦ ነበር፤ መንኰራኵሩ ቢቀድም ይጣመማልና። በ1944 ዓ.ም. በሰኔ ወር የካናዳ ወታደሮች ወደ ኖርማንዲ ባሕር ዳር በወረዱ ጊዜ ይህንኑ ቢስክሌት በትከሻቸው ተሸክመው በውኃው ውስጥ ሲራመዱ የተነሡት ፎቶግራፎች ዛሬም አሉ። በጦርነቱ ማግሥት ብዙው እንደ ተራ ዕቃ ተሸጠ።

ከዚህ በኋላ ነገሩን ወደ ሰላም የመለሰው የቤንዚን እጦት ነው። በ1956 ዓ.ም. የስዊዝ ቦይ በተዘጋ ጊዜ በእንግሊዝ አገር ቤንዚን በራሽን ሆነና፥ የጎማ ሥራ ሊቅ የነበረው አሌክስ ሞልተን ስለ ቢስክሌት ማሰብ ጀመረ። ሰው ሁሉ ታላቅ መንኰራኵር ይሻላል ብሎ ባመነበት ጊዜ፥ እርሱ ትንሽ መንኰራኵር ቀላልና ጠንካራ መሆኑን፥ መንቀጥቀጡንም ጎማ በምንጭ ስፍራ ገብቶ ሊያበርደው እንደሚችል አስረዳ፤ በ1962 ዓ.ም. ያወጣውም ቢስክሌት በአገሩ ሁሉ ወሬው ተሰማ። ቢስክሌቱ እንደ ቢላዋ አይታጠፍም ነበር፤ ነገር ግን ከእርሱ ወዲያ የትንሽ መንኰራኵር ነውር ተወገደ።

በማግሥቱ በ1963 ዓ.ም. ዶክተር ቢቺንግ የተባለው የእንግሊዝ ምድር ባቡር አለቃ ኪሳራውን ለመቀነስ ብሎ 2,363 ጣቢያዎችና ከመላው ሐዲድ አንድ ሦስተኛው የሚያህለው እንዲዘጋ የሚያሳስብ መግለጫ አቀረበ። ብዙው እንዳለውም ተፈጸመ። የዚህን ነገር ክፋት በትክክል ለመረዳት የገጠሩን ሰው ሁኔታ ማየት ይገባል፤ ቀድሞ ባቡሩ ከመንደሩ ደጃፍ ያወርደው የነበረ ሰው አሁን ከቤቱ ብዙ ኪሎሜትር ርቆ ይወርዳል። ስለዚህ ቢስክሌት ከቀድሞው ይልቅ ያስፈልገው የነበረው በዚያን ጊዜ ነው። ነገር ግን በዚያው ዘመን የቀድሞዎቹ ሰፋፊ የጓዝ ፉርጎዎች እየቀሩ፥ በ1980ዎቹ ዓመታት የመጡት ትናንሽ የመንገደኛ ባቡሮች ከአንድ ወይም ከሁለት ቢስክሌት በላይ የማይችሉ ሆኑ። ጣቢያው ራቀ፤ ቢስክሌቱም ከባቡሩ ወጣ። ይህ በሂሳብ መዝገብ ላይ ትርፍ ሆኖ ተጽፎ ይሆናል።

በዚህ መካከል አንድሩ ሪቺ የሚባል በካምብሪጅ የምሕንድስና ትምህርት የጨረሰ፥ ነገር ግን በአትክልት ሥራ ይተዳደር የነበረ የሎንዶን ሰው ተነሣ። በ1970ዎቹ ዓመታት እኩሌታ ሃሪ ቢከርተን የተባለ መሐንዲስ ከአሉሚንየም የሠራውን ታጣፊ ቢስክሌት አይቶ፥ ከዚህ የተሻለ ይቻላል ብሎ በመኖሪያ ክፍሉ ውስጥ ብረት መቍረጥና ማጣመም ጀመረ። ከመስኮቱ ፊት ለፊት በ1884 ዓ.ም. የተከፈተው የብሮምፕተን ኦራቶሪ ታላቁ ቤተ ክርስቲያን ይታየው ስለ ነበር፥ የሠራውን ቢስክሌት በዚያ ስም ብሮምፕተን ብሎ ጠራው። ዛሬ በብዙ አገር የሚነዳው ሰው ይህ ስም የቤተ ክርስቲያን ስም እንደ ሆነ ሳያውቅ ይነዳዋል።

የሪቺ ብልሃት በማጠፊያው ላይ ብቻ አይደለም፤ በአስተጣጠፉ ተራ ላይ ነው። መጀመሪያ የኋላው መንኰራኵር ከኮርቻው ሥር ወደ ፊት ይወረወራል፤ ቢስክሌቱም ያን ጊዜ በራሱ ቆሞ ይቀራል። ቀጥሎ ዋናው ብረት በወገቡ ታጥፎ የፊተኛው መንኰራኵር በጐኑ ይተኛል፤ ከዚያ መሪው ወደ ታች ይወድቃል፤ በመጨረሻ ኮርቻው ሲወርድ ሁሉን እንደ መቈለፊያ ይዞ ያስቀራል። ሰንሰለቱ በሁለቱ መንኰራኵሮች መካከል ተሰውሮ ይቀራልና ቅባቱ የባለቤቱንም የጎረቤቱንም ልብስ አይነካም። በሌሊት ባቡር ጠባብ መተላለፊያ ሰው ከሰው ጋር እየተሻሸ ሲያልፍ ይህ ነገር ምን ያህል ዋጋ እንዳለው፥ ነጭ ልብሱ በቅባት የተበላሸበት ሰው ያውቃል። መንኰራኵሩ 16 ኢንች ነው፤ ታጥፎም ርዝመቱና ቁመቱ ስድሳ ሳንቲሜትር የማይሞላ፥ ውፍረቱ ሠላሳ የማይደርስ ጥቅል ይሆናል።

ታላላቆቹ ፋብሪካዎች ግን አልተቀበሉትም። ሪቺ ብልሃቱን ይዞ በየደጃቸው ዞረ፤ ገበያ የለውም አሉት። ስለዚህ ሠላሳ የሚያህሉ ሰዎች ገና ያልተሠራውን ቢስክሌት ዋጋ አስቀድመው ከፈሉለት፤ ይህ ገንዘብ ከባንክ ብድር ይልቅ የሚከብድ ዕዳ ነው፤ አበዳሪው ወዳጅ ነውና። በ1981 ዓ.ም. ገደማ በእጁ እየሠራ ጥቂት መቶ ሸጠ፤ ከዚያም ገንዘብ አልቆ ሥራው ቆመ። ለጥቂት ዓመታት ዝም ብሎ ከቈየ በኋላ ቢስክሌቱን ገዝቶ የወደደው የድምፅ መሣሪያ ፋብሪካ ባለቤት ጁልያን ቬሬከር ረዳውና፥ በ1980ዎቹ ፍጻሜ በሎንዶን ምዕራብ በብሬንትፎርድ ሥራው እንደገና ተጀመረ። የተጀመረበትም ስፍራ ከምድር ባቡር ድልድይ ቅስቶች አንዱ ሥር ነው። ባቡር ከራሱ ያወጣውን ቢስክሌት እንዲህ በጥላው ሥር አሳደገው። ብረቱን የሚያጣብቁት አንጥረኞች እያንዳንዳቸው የሥራቸውን ምልክት በመጋጠሚያው ላይ ያትማሉ፤ ስለዚህ ቢሰበር የማን እጅ እንደ ሆነ ይታወቃል። በ2022 ዓ.ም. አንድ ሚሊዮንኛው ቢስክሌት ተሠርቶ ወጣ።

እንግዲህ የቀድሞው ክርክር በዚህ መልስ አገኘ። ባቡሩ ለቢስክሌት ስፍራ የለኝም ባለ ጊዜ፥ ቢስክሌቱ ቢስክሌት መሆኑን ለጥቂት ሰዓት ትቶ ሻንጣ ሆነ። ይህ ግን ሙሉ ድል ነው ማለት አይቻልም፤ ሕጉ ሳይለወጥ መንገደኛው ራሱ ታጥፎ አልፏልና። በኤውሮጳ ኅብረት በ2021 ዓ.ም. የወጣው፥ በ2023 ዓ.ም. በሰኔ ወር ሥራ ላይ የዋለው የመንገደኞች መብት ደንብ፥ አዲስ የሚገዙ ወይም በጣም የሚታደሱ ባቡሮች ቢያንስ አራት የቢስክሌት ስፍራ እንዲኖራቸው ያዝዛል፤ የኒው ዮርኩ ሕግ ከወጣ 125 ዓመት ካለፈ በኋላ መሆኑ ነው።

የሌሊቱም ባቡር ራሱ ሊሞት ደርሶ ነበር። የጀርመን ምድር ባቡር በ2016 ዓ.ም. ታኅሣሥ የመኝታ ባቡሮቹን ፈጽሞ ሲተው፥ ከመንገዶቹ ከፊሉን የኦስትሪያ ምድር ባቡር ተቀብሎ ባያቆያቸው ኖሮ ብዙ ከተማ ያለ ሌሊት ባቡር በቀረ ነበር። ከሁሉ ይልቅ ሊነገር የሚገባው ግን ከሎንዶን ወደ ስኮትላንድ ደጋ፥ ወደ ፎርት ዊልያም የሚሄደው የሌሊት ባቡር ታሪክ ነው። በ1995 ዓ.ም. የእንግሊዝ ምድር ባቡር ድርጅት ይህ ባቡር ኪሳራ ነው ብሎ ሊያቆመው ወሰነ። ሕጉ ግን የመንገደኛ መስመር ከመዘጋቱ በፊት ሕዝቡ ይሰማ የሚል ነበር። ድርጅቱ መስመር አልዘጋሁም፥ አንድ ባቡር አቆምሁ እንጂ ብሎ ተከራከረ። የሃይላንድ አውራጃ ምክር ቤት ሰዎች መዝገቡን ቢመረምሩ ከዚያ ከሌሊቱ ባቡር በቀር ሌላ የመንገደኛ ባቡር የማይሄድባቸው ጥቂት አጫጭር የሐዲድ ቍራጮች አገኙ። ባቡሩ ከቀረ እነዚያ ሐዲዶች ተዘጉ ማለት ነው። ድርጅቱም ይህን ቀዳዳ ለመድፈን ሰው የማይሳፈርባቸው ባዶ ባቡሮች በእነዚያ ቍራጮች ላይ ማስኬድ ጀመረ፤ ሕዝቡም የሙት መንፈስ ባቡሮች አላቸው። ነገሩ በስኮትላንድ ከፍተኛው የፍትሐ ብሔር ፍርድ ቤት ቀርቦ አውራጃው ረታ፤ ባቡሩም ተረፈ። ባለሥልጣኑ በባዶ ባቡር ሕግን ለማታለል ማሰቡ የሚያሳፍር ሲሆን፥ አንድ የገጠር ምክር ቤት በአጫጭር የሐዲድ ቍራጮች ምክንያት እርሱን ማሸነፉ ግን ሲነገር የሚኖር ነገር ነው።

ይህ ባቡር በ2019 ዓ.ም. በስፔን አገር የተሠሩ አዳዲስ ሠረገላዎች ተሰጡት፤ በ2023 ዓ.ም. በሰኔ ወርም በስኮትላንድ መንግሥት እጅ ገባ። ማታ ከሎንዶን ዩስተን ጣቢያ ይነሣል። ሙሉ ቢስክሌት የያዘ ሰው አስቀድሞ ስፍራ ማስያዝ አለበት፤ ስፍራውም ጥቂት ነው። ታጣፊ የያዘው ግን አጥፎ በከረጢት አድርጎ እንደ ማንኛውም ጓዝ ይዞት ይገባል፤ ክፍሉ ጠባብ ነውና ቢቻል ከአልጋው ሥር፥ ካልተቻለም ከግድግዳው ጋር ያስጠጋዋል። ሌሊት ባቡሩ በኤዲንበርግ በሦስት ተከፍሎ አንዱ ወደ አበርዲን፥ አንዱ ወደ ኢንቨርነስ፥ አንዱ ወደ ፎርት ዊልያም ይሄዳል። የተኛው ሰው ይህ ሁሉ ሲሆን አይሰማም፤ ሲነቃ ግን ሐይቅና ተራራ በመስኮቱ ያያል።

ከፎርት ዊልያም በፊት ባቡሩ የራኖክን ረግረግ ያልፋል። ይህ ሐዲድ ከመሠራቱ በፊት በ1889 ዓ.ም. በጥር ወር ሰባት ሰዎች መስመሩን ለመመልከት በእግራቸው ሊሻገሩት ሲሉ ሌሊትና ዝናብ ደርሶባቸው በሞት አፋፍ ላይ ቆመው ተርፈዋል። መሬቱ መሠረት የማይይዝ ጭቃ ስለ ሆነ፥ ሠሪዎቹ ቅርንጫፍና የዛፍ ሥር እያነጠፉ፥ አፈርና ዐመድ እየደፉበት ሐዲዱን በረግረጉ ላይ እንደ ታንኳ አንሳፈፉት፤ መስመሩም በ1894 ዓ.ም. ተከፈተ። በረግረጉ ዳርቻ ኮሮር የሚባለው ጣቢያ አለ፤ ከባሕር ወለል በላይ 408 ሜትር ስለ ሆነ በብሪታንያ ዋናው ሐዲድ ላይ ከሁሉ ከፍ ያለ ነው። ወደዚህ ጣቢያ የሕዝብ መኪና መንገድ አይደርስም፤ ቅርብ የተባለውም መንገድ 16 ኪሎሜትር ያህል ይርቃል። በዚህ የሚወርድ ሰው ለባቡሩ ሹም አስቀድሞ ይነግረዋል። ባቡሩም ቆሞ ያወርደውና ወደ ሰሜን ሄዶ ከዓይን ይሰወራል። ሰውዬው በመድረኩ ላይ ለብቻው ይቀራል፤ ከረጢቱን ይፈታል፤ መሪውን ያነሣል፤ የፊተኛውን መንኰራኵር ወደ ስፍራው ይመልሳል፤ ኮርቻውንም ከፍ አድርጎ የኋላውን ይዘረጋል። ከፊቱ ያለው ጠጠርና ኵሬ የሞላበት የእረኞችና የአዳኞች መንገድ ነው፤ ለ16 ኢንች መንኰራኵር የሚመች አይደለም፤ ስለዚህ ሐይቁ እስኪደርስ ድረስ እየገፋ ይሄዳል።